ለኮርማው የበራ መብራት

በዚህ አገር ማሽን መጥቶ ከሥራው ያፈናቀለው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ሰዉ ሁሉ «ኮምፒውተር እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው» እያለ ሲጨነቅ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እኔ ይሄን ጽዋ የጨለጥኩት ገና በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ላይ ነው። ለአንዲት ደወል ቦታዬን ለቅቄ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ።

እርግጥ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ደመወዜም በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ ነበር። አንገቴን ቀና አድርጌ ያልኩትም ለወጉ ነው፤ እያለቀስኩ ነው የወጣሁት። ያፈናቀለኝ ማሽን ቢሆንም ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ከበር ደወልና ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ ከሚወጣው ብርማ ወረቀት የተሠራ ነበር። ቢሆንም ቀዳሚነቴን ማንም አይወስድብኝም።

ይሄን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። በቅርቡ ለዘመድ ሰርግ አዳማ ወርደን ልጄን ጥፍሯን ልታሠራ አንድ የውበት ሳሎን ይዣት ገባሁ። ከእኔ በቀር ወንድ የለም። የአንድ እጇ እንዳለቀ መብራት ጠፋ። ቀለሙን የሚያደርቀው ማሽን ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ልጄ እርጥብ እጇን እንደሚምል ሰው ወደ ላይ አንስታ፣ እኔ ከጎኗ ሮዝ ወንበር ላይ ተሰይሜ መጠበቅ ጀመርን። በዚህ መሃል ባለሙያዋ የሌላ ሴት ጥፍር ልታስለቅቅ የአሴቶን ጠርሙስ ከፈተች።

ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሮዙ ወንበር ከሥሬ ጠፋ። በእኛ ቤት አሴቶን የጥፍር ነገር አልነበረም። የተበጠሰ ፊልም የሚቀጠልበት ነው፤ የጋሽ ነገዎ ጣቶች ሽታ ነው።

ሲኒማ ቤቱ ከአንድ የውጭ አገር ሰው የተወረሰ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ነበር። የናዝሬትን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ፊልም ያየ ሰው ከስቶ ነው የሚወጣው። አንዲት ደልደል ያሉ ሴትዮ ሁለት የህንድ ፊልም አከታትለው አይተው ሲወጡ ባላቸው በር ላይ ቆሞ ሳያውቃቸው አልፎ ሄደ ይባላል። ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ፤ ግን ይባላል።

እናቴ ጥሩነሽ የዚያ ቤት ቲኬት ሻጭ ነበረች። አባቴ እኔ አፌን ሳልፈታ ነው የሞተው። ከትምህርት ቤት መልስ እኔን የምትተውለት ሰው ስላልነበራት ከቲኬት መስኮቷ ሥር ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል። የሰውን ፊት ሳላይ እግሩን ብቻ እያየሁ ማን እንደመጣ አውቅ ነበር። ነጠላ ጫማ ከሆነ የጋሪ ነጂ፣ ዘይት የጠጣ ቡትስ ከሆነ ከአሰብ መንገድ የመጣ የከባድ መኪና ረዳት፣ የተወለወለ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ሳይከፍል የሚገባ የቀበሌ ሰው።

ጋሽ ነገዎ ፊልም አጫዋቹ ነበር። በዕድሜ ከእናቴ በጣም ይበልጣል፤ ረጅም ነው፤ ካቦርቱን በዚያ ሙቀት አያወልቅም። የቡልቡላ ሰው ስለሆነ፣ ልጅነቱንም እርፍ ይዞ ስላሳለፈ፣ ሁለቱን የፊልም ማሽኖች እንደ ጥማድ በሬ ስም አውጥቶላቸዋል። ግራኙ ቡሬ፣ ቀኙ ዳለቻ። ማሽኖቹ ሲሞቁና ሲያጉረመርሙ በኦሮምኛ ያባብላቸዋል፤ እምቢ ካሉ በአማርኛ ይሰድባቸዋል።

ጥማድ ማለቱ ልክ ነበር። አንድ ፊልም በአንድ ጥቅል አያልቅም፤ ብዙ ጥቅል ሆኖ በብረት ሣጥን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። ቡሬ አንዱን ጥቅል ሲያጫውት ዳለቻ ቀጣዩን ጎርሶ ይጠብቃል። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ሸራው ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይ ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። ያኔ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ማስነሳት ነው። ጥቂት ቆይታ እንደገና ብልጭ ስትል ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል። ምልክቷ ካመለጠች ሸራው ነጭ ይሆናል፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «ሌባ! ሌባ!» ይላል። ለምን ሌባ እንደሚባል እስከ ዛሬ አጥርቶ የነገረኝ የለም። እኔ ያኔ ጋሽ ነገዎ የጎደለውን ሥዕል ቆርጦ ቤቱ የሚወስደው መስሎኝ አልጋው ሥር አይቻለሁ። ጥንድ ካልሲ ብቻ ነበር።

ያቺን ክብ ምልክት ደግሞ የፊልሙ ሰዎች እኛን አጮልቀው የሚያዩባት ቀዳዳ ትመስለኝ ነበር። የምትመጣበት ሰዓት ሲደርስ ፀጉሬን በምራቄ አስተካክል ነበር።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ ጋሽ ነገዎ ወደ ማሽኑ ክፍል ጠርቶ ሥራ ሰጠኝ።

«ኮቱ፣ ና እዚህ። ዓይንህ እንዴት ነው?» አለኝ፣ በሁለቱም ቋንቋ «ና» እያለ።

«እስከ ወንጂ ድረስ ያያል» አልኩት።

«እንግዲያው ንስሩ ብዬሃለሁ። እዚህች መስኮት ላይ ተቀመጥ። ምልክቷ ስትመጣ ‹መጣች!› በል። ስትደገም ‹አሁን!› በል። ሌላ ነገር አትናገር። አትንፈስም ብልህ ደስ ይለኛል።»

የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። የዚያን ክፍል ሙቀት፣ ለማሽኖቹ ብርሃን የሚሰጠውን የካርቦን ዘንግ እሳት ሽታ፣ በመስኮቷ የሚወጣው ብርሃን ውስጥ የሚዋኘውን የናዝሬት አቧራ ለመናገር ቃል የለኝም። «አሁን!» ስል አንድ ትልቅ ሰው በእኔ ትእዛዝ ማርሽ ይስባል፤ ከታች ያ ሁሉ ሕዝብ በእኔ ቃል ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ አንድም ሰው አያውቅም። ትምህርት ቤት ስሄድ መምህሩ ስሜን ሲጠራ የሚጠራው ሌላ ተራ ልጅ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴና ጋሽ ነገዎ መንሾካሾክ አበዙ። አንድ ቀን ደረጃው ሥር ሆኜ ሰማኋቸው።

«እስከ መቼ ነው የሚደብቁት ጋሼ?»

«ቀስ በይ ጥሩዬ፣ ልጁ ይሰማል።»

«ይስማ! ዛሬ ባይሰማ ነገ ይሰማል። እንዲህ ሆኖ አይዘለቅም እኮ።»

«ዘለቀ ካወቀ እኔን አውጥቶ ይጥለኛል። አንቺንም አይምርሽም።»

ዘለቀ፣ ማለትም ጓድ ዘለቀ፣ የሲኒማ ቤቱ ኃላፊ ነው። እኔ ግን እሱን ትቼ ቀሪውን ነገር በራሴ ተረጎምኩት። አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት መበለት፣ የሚደበቅ ነገር፣ ልጁ እንዳይሰማ። ሊጋቡ ነው! አንቱና አንቺ እየተባባሉ መዋደድ እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ማታውን «አባባ» ማለትን ለብቻዬ ተለማመድኩ። በማግስቱ ጫማውን መረመርኩ፤ ለአባትነት የሚበቃ ጫማ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ትዕግሥቴ አለቀና ቲኬት መስኮቱ ሥር እንደተቀመጥኩ «እማዬ፣ ሰርጉ መቼ ነው?» አልኳት።

ነገሩ ሲገባት የቲኬቱን ጥራዝ ጥላ ሳቀች። ቲኬት ሊገዙ የተሰለፉት ሰዎች ምን ነክቷት ነው እያሉ በመስኮቱ አጮለቁ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋችና ሳቋ ፊቷ ላይ ሳይደርቅ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

«ስማ። የጋሽ ነገዎ ዓይን ሞራ ለብሷል። ሸራው ለእሱ ጉም ነው። አንተን መስኮቷ ላይ ያስቀመጠህ ምልክቷን ማየት ስላቃተው ነው። ዘለቀ ካወቀ ያስወጣዋል፤ የእህቱን ልጅ በቦታው ሊያስቀምጥ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚጠብቀው። ልታከም ብሎ ፈቃድ ቢጠይቅም ያው ነው፤ ሲመለስ ወንበሩን ተይዞ ያገኘዋል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ያለው ያ ክፍል ነው። ለሰው ብትተነፍስ ምላስህን እቆርጠዋለሁ።»

በሰርጉ መቅረት አዘንኩ። ግን ደግሞ በአንድ ቀን ከንስርነት ወደ ምስጢር ጠባቂነት ከፍ አልኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ማንንም ሳላናግር በእግሬ ጣት ነበር የምሄደው።

የወደቅሁት በአንድ የህንድ ፊልም ነው። የጠፋ ልጅና እናት በዝናብ ውስጥ እየዘፈኑ ተገናኙ። እኔ ደግሞ እናት ላይ ደካማ ነኝ። እንባዬ ድቅን ብሎ ሸራው ሁሉ እንደ ጋሽ ነገዎ ጉም ሆነብኝ፤ ምልክቷ መጥታ ሄደች፣ ተደግማ ሄደች። ነጭ! ወዲያው ከታች ፉጨቱ፣ የወንበሩ ድብደባ፣ «ሌባ! ሌባ!» ተነሳ። ጋሽ ነገዎ በደመ ነፍስ ማርሹን ሲስብ ጓድ ዘለቀ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ደረሰ።

«ምንድን ነው ይሄ ቅሌት?»

«ካርቦኑ ነው ጓድ። አልቆ ነው።»

ጓድ ዘለቀ ዙሪያውን ሲቃኝ ሣጥኔ ላይ እየተንሰቀሰቅሁ አየኝ። «ይሄስ?»

«ቆሎ ሊያቀብለኝ መጥቶ ነው።»

«ቆሎ የሚያስለቅስ ከሆነ ሁለተኛ እዚህ ክፍል እንዳላየው። የመንግሥት ንብረት ያለበት ቦታ ነው።»

ጋሽ ነገዎ ያለ ዓይን ቀረ። በሳምንቱ ውስጥ ማሽኑ ክፍል ውስጥ መዶሻና መጋዝ ሲሰማ ሰነበተ። ለእኔም ከደጅ ሆኜ የምሠራው ሥራ ተሰጠኝ፤ ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ የሚገኘውን ብርማ ወረቀት መሰብሰብ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጥርሱን የሚያስለብሰው በእሱ ነው። ጥርሱ ብር ያልሆነ ልጅ ፀሐይ ላይ ወጥቶ መሳቅ ያፍር ነበር። ከባድ መኪኖች የሚያድሩባቸው ሻይ ቤቶች ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ለቀምኩ፤ ሲጎድልብኝ የራሴን ጥርስ ገፍፌ ሰጠሁ። ገመዴን በገዛ እጄ እየገመድኩ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። ጓድ ዘለቀ ሳይመጣ ጠዋት በማለዳ እናቴና እኔ ፊልሙን አምፖል ላይ እያየን ምልክቷ ያለችበትን ቦታ እናገኛለን። ጋሽ ነገዎ ጣቱን ያሳርፍባትና ከፊልሙ ቀኝ ጠርዝ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብርማ ወረቀት በአሴቶኑ ይለጥፋል። ፊልሙ ሲሽከረከር ከሰርዲን ቆርቆሮ በተቆረጡ ሁለት ከንፈሮች መሃል ያልፋል። ብርማዋ ወረቀት ከንፈሮቹን ስትነካ ኤሌክትሪኩ ይገናኛል፤ ደወሏ «ድርርር!» ትላለች። አንድ ጊዜ ስትጮህ ሞተር ማስነሳት፣ ስትደግም መዝለል። ዓይን አያስፈልግም።

ደወሏ አታለቅስም። ሽንቷ አይመጣም። ቆሎ አትበላም። ለእናትና ልጅ ግድ የላትም። መጀመሪያ ቀን ስትጮህ ከታች ሆኜ ሰማኋትና እያለቀስኩ ወጣሁ። ጋሽ ነገዎ ማታ ደረጃው ላይ አገኘኝና ራሴን ዳሰሰኝ።

አንድ ወር ሳይሞላ ጓድ ዘለቀም ሰማት።

«ነገዎ፣ ምንድን ነው እላይ የሚጮኸው?»

እናቴ እንደነገረችኝ ጋሽ ነገዎ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ በሕይወቱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የእንግሊዝኛ ቃል ተናገረ።

«አውቶማቲክ ነው ጓድ።»

«ምን አልክ?»

«ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ሠርቼው ነው።»

ይቆጣል ሲባል ጓድ ዘለቀ ፊቱ በራ። «የሠራተኛው የፈጠራ ውጤት!» አለ። ለራሱ እንደሚያጨበጭብ ሰው እጆቹን አፋተገ። «መብራትስ ያበራል?»

«ሽቦ ከተዘረጋለት ያበራል።»

«እንግዲያው የአዳራሹን መብራት ያዝልኝ። በዜና ፊልሙ ላይ ሊቀመንበሩ ብቅ ሲሉ መብራቱ በራሱ ቦግ ይበል። ሕዝቡ ይነሳ፣ ያጨብጭብ። በጨለማ እኮ ማን እንዳላጨበጨበ አይታይም።»

ከፊልሙ በፊት ሁልጊዜ ዜና ፊልም ነበር። ጋሽ ነገዎ ከአንድ ጋራዥ የከባድ መኪና ጡሩምባ የሚያስነሳ ዕቃ አምጥቶ መብራቱን አገናኘበት። ከደወሏ እንዳይምታታ የዜናው ፊልም ግራ ጠርዝ ላይ፣ ሊቀመንበሩ ብቅ የሚሉበት ቦታ፣ ብርማ ወረቀት ለጠፍን። የሚያበራው ወረቀቱ ነው፤ የሚያጠፋው ጋሽ ነገዎ ነው፣ ጭብጨባው ጋብ ሲል በእጁ።

ሕዝቡ ለመደ። መብራት ቦግ፣ ብድግ፣ ጭብጨባ፤ መብራት ድርግም፣ ቁጭ። ሙቀት ሸሽቶ ሊተኛ ብቻ የሚገባ አንድ ጋሪ ነጂ ነበር፤ እሱ እንኳ ዓይኑን ሳይገልጥ ይነሳና አጨብጭቦ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ተመልሶ ይቀመጣል። ማንኮራፋቱንም አያቋርጥም ነበር ብል አታምኑኝም፤ ስለዚህ አልልም።

የሠራተኛው ፈጠራ ወሬ አዲስ አበባ ደረሰ። በአንድ እሁድ ጠዋት የበላይ ኃላፊዎች መጥተው ሊያዩ፣ ከዚያም ሶደሬ ወርደው ምሳ ሊበሉ ተወሰነ። ቀበሌው ሕዝቡን ከሌሊት ጀምሮ ሰበሰበ። ጓድ ዘለቀ ከንጋት አንስቶ ማሽኑ ክፍል ውስጥ ከጋሽ ነገዎ አልተለየም። ልምምድ ላይ ሳሉ ያ በየቀኑ ሲሽከረከር የሰነበተ ዜና ፊልም ብጥስ አለ፤ ያውም ብርማው ወረቀት ያለበት ቦታ ላይ።

እናቴና እኔ ታች ነን። ወጥተን አምፖል ላይ ልናይለት አንችልም፤ ዘለቀ አጠገቡ ቆሟል። ጋሽ ነገዎ የተቀደደውን ቆረጠ፣ በአሴቶን ቀጠለ፣ አዲስ ብርማ ወረቀት በጣቱ እየዳበሰ ለጠፈ።

«ቦታው ላይ ነው?» አለ ዘለቀ።

«ዓይኔ እያየ ጓድ።»

እናቴ ይሄን ከደረጃው ሥር ሰምታ እጄን ጨመቀችኝ፤ ጣቶቼ እስኪነጩ።

አዳራሹ ጢም አለ። ኃላፊዎቹ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ጓድ ዘለቀ ከመካከላቸው። ከበሩ አጠገብ እናቴና እኔ። መብራት ጠፋ፤ ዜናው ጀመረ። ተናጋሪው ስለ መንግሥት እርሻዎች መተረክ ያዘ። ሊቀመንበሩ ገና ናቸው፤ ከእርሻው በኋላ ነው የሚመጡት። ሸራው ላይ አንድ ኮርማ ብቅ አለ። እንዲህ ያለ ኮርማ አይቼ አላውቅም። ሻኛው ከሸራው ጣሪያ ይደርሳል። ቆሞ ያመነዥካል።

ቦግ!

መጀመሪያ የተነሱት የልዑካኑ መሪ ናቸው። ከዚያ ዘለቀ፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ እንዳለ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናወጠው። ኮርማው አፍንጫውን በምላሱ ላሰ። እኔ እያጨበጨብኩ ኮርማው የተሾመ መሰለኝ፤ በመንግሥት እርሻ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያለው፣ ምናልባት ጓድ ኮርማ የሚባል።

አሁን ችግሩን አስቡት። ሕዝቡ መብራቱ እስኪጠፋ ያጨበጭባል። ጋሽ ነገዎ ደግሞ ጭብጨባው ጋብ እስኪል መብራቱን አያጠፋም፤ ሸራውን አያይ፣ የሚሰማው ጭብጨባ ነው፤ ልቡ ሞልቷል። መጀመሪያ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ አይኖርም። ማን ነው በዚያ ዘመን፣ በዚያ ብርሃን ውስጥ፣ መጀመሪያ የሚቀመጥ?

ኮርማው ሄደ፤ ላሞች መጡ። ለላሞቹ አጨበጨብን። ላሞቹ ሄዱ፤ የወተት ባልዲ መጣ። ለባልዲውም አጨበጨብን። መዳፌ ጋለ። የልዑካኑ መሪ ፊት ፈግጎ ደርቋል፤ ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል፤ ዓይኖቻቸው ብቻ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላሉ። ከዚያ ትራክተር የፍግ ክምር እየገፋ መጣ። እናቴ ያኔ እጄን ለቀቀችና በሩ አጠገብ ያለውን ዋናውን የመብራት ማጥፊያ ጎትታ አወረደችው።

ጨለማ። ማሽኑም ቆመ። ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ «ኡፍ» ብሎ ሲቀመጥ ሰማሁ። መብራት መጥፋት በከተማችን ብርቅ አይደለም፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ጥቂት ቆይታ መለሰችው። የአዳራሹ መብራት ቦግ ሲል ሁላችንም ብድግ ብለን ለነጭ ሸራ አጨበጨብን። ጋሽ ነገዎ ማሽኑ እንደቆመ ስላወቀ መብራቱን በእጁ አጠፋ። ፊልሙ ካቆመበት ቀጠለ። ፍጉ አለቀ፤ በጨለማው ውስጥ ሊቀመንበሩ ብቅ አሉ፣ ጨበጡ፣ ተናገሩ፣ ሄዱ።

ማንም አልተነሳም። እጆቻችን ጉልበታችን ላይ ነበሩ። መብራት አልበራማ!

ፊልሙ ሲያልቅ የልዑካኑ መሪ ወደ መድረክ ወጡ። ማይክራፎኑን ይዘው ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ጓድ ዘለቀ እንደ ነጭ ሽንኩርት ገርጥቷል። አሻጥር ቢሉ ጋሽ ነገዎ አለቀለት፤ ዘለቀም ይከተላል። ግን ለኮርማው መጀመሪያ የተነሳው ማን ነው?

«የናዝሬት ሕዝብ» አሉ በመጨረሻ «ለመንግሥት እርሻ ውጤት ያሳየው የጋለ ስሜት… ልባችንን ነክቶታል።»

አጨበጨብን። ጋሽ ነገዎ ተጠራ። ደረጃውን ግድግዳውን እየተደገፈ ሲወርድ ትሕትና መሰላቸው። ሮጬ ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁት፤ እጁን ጣል አድርጎብኝ ወጣን። መሪው ምን እንሸልምህ አሉት፤ ሬዲዮ? የምስክር ወረቀት?

እናቴ ከበሩ ሆና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። ዓይኑን ቢጠይቅ ዓይኑን ማጣቱን ተናገረ ማለት ነው። ጋሽ ነገዎ ጥቂት አሰበ።

«ፈቃድ ስጡኝ ጓድ። አገሬ ቡልቡላ ዘመድ ልጠይቅ። ስመለስ ቦታዬን ላግኘው፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ይሄ ብቻ?» አሉ መሪው፣ ሶደሬ እየናፈቃቸው። ወደ ዘለቀ ዞሩ። «ቦታው ይጠበቅለት።»

«ይጠበቃል ጓድ!»

አዳራሽ ሙሉ ምስክር ባለበት ነው የተባለው። የልዑካኑ መኪኖች አቧራቸውን አስነስተው ሄዱ፤ ጋሽ ነገዎም በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ወደ ቡልቡላ ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዓይን ሐኪም።

ስለ ኮርማው ግን ማንም አልነገረውም። እናቴ «ብትነግረው!» ብላኝ ነበር። በልክ ሰዓቱ የበራ መስሎት፣ እንዲያ ያለ ጭብጨባ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሆኖ ሄደ።

የዘለቀ የእህት ልጅ ሊተካ መጣ፤ ቡሬ በመጀመሪያው ቀን ጣቶቹን ጠብሶ መለሰው። ያን ክረምት ፊልም ያጫወተችው እናቴ ናት፤ ቲኬት ሸጣ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ትወጣለች። ደወሏ ስትጮህላት ትስባለች። ናዝሬት ማን እንደሚያጫውት አላወቀም። «ሌባ!» ሲባል ግን እሷም እንደ ጋሽ ነገዎ ትናደድ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መንገዱ ጭቃው ደርቆ እንደገና አቧራ መሆን ሲጀምር፣ ጋሽ ነገዎ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርጎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተኝ።

«ንስሩ ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

ዝቅ ብሎ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን፣ የጎደለ ጥርሴን አጠና። «እኔ እኮ መልከ መልካም ልጅ ነበር የምትመስለኝ» አለ።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። እሷን ብዙ አያት። እሷም ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች። እኔም ያንን የሰርግ ነገር እንደገና ማሰብ ጀመርኩ።

ክፍሉ ገብቶ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። የዜናውን ፊልም ከመደርደሪያ አወጣ። ብርማውን ወረቀት ጠርዙ ላይ አገኘውና ፊልሙን አምፖሉ ላይ አነሳው። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገ።

«ኮርማ» አለ።

እናቴና እኔ ተያየን።

«ጥሩዬ፣ ይሄ ኮርማ ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ያ ሁሉ ጭብጨባ… ለኮርማ?»

«ለላሞቹም» አልኩ እኔ። «ለፍጉም።»

«ማንም አልተቀመጠም?»

«ማንም።»

«ትልቁ ሰውዬስ?»

«መጀመሪያ የተነሱት እሳቸው ናቸው።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ሳቀም፤ ካቦርቱ እስኪንቀጠቀጥ፣ መነጽሩ ጉም እስኪለብስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሣጥኔ ላይ ቁጭ አለና ፊልሙን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ብርማውን ወረቀት በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ላጠው።

«እኔስ ዓይኔ ታሞ ነው በምልክት ያደርኩት» አለ። «እነሱ ምን ሆነው ነው?»

እናቴ ወደ በሩ ተመለከተች፣ የሚሰማ እንዳለ። ማንም አልነበረም። የመብራቱን ሽቦ ያንኑ ቀን ነቀለው፤ ጓድ ዘለቀም የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። ደወሏንም አወረዳት። ዓይኑ ድኗል፤ እኔንም ደወሏንም አይፈልግም ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ሊጀምር ሲል ከላይ ድምፁን ሰማሁት፤ «ኮቱ ንስሩ! ወደ ሥራህ!» ዘለቀ በር ላይ ቆሞ ነበር። አይቶ ፊቱን አዞረ።

ይሄን እያሰብኩ ነው ሮዙ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። ልጄ አንድ እጇን እንዳነሳች፣ ሴቶቹ በጋዜጣ እያራገቡ፣ የአሴቶኑ ሽታ እንደሞላ፣ መብራት መጣ። ቦግ!

«አባ!» የምትል የልጄን ድምፅ ሰማሁ። «አባ፣ ሰው እያየን ነው! ምን እያደረግህ ነው?»

ሳሎኑ መሃል ቆሜ ነበር። ጥፍር የሚያደርቀው ማሽን ፊት ለፊቴ ሐምራዊ ብርሃን ያበራል። መዳፎቼ ይፋጃሉ።

ሚስቴ ታውቀዋለች፤ ቤታችን እንግዳ ካለ መብራት እንዳይመጣ ትጸልያለች። እንግዲህ እናንተም እወቁት፦ መብራት ቦግ ባለ ቁጥር ብድግ ብዬ አጨበጭባለሁ፤ ለማን እንደሆነ የማየው ከዚያ በኋላ ነው።